የእትብት ደም ላስቀምጥ ወይስ ልተወው?

ማክዳ፦
ሰላም እህቶች፣ ወንድሞችም ካላችሁ። የመጀመሪያ ልጄ ነው፣ ሰባት ወር ሞልቶኛል። ባለፈው ለክትትል ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ አንዲት ሴት አጠገቤ ቁጭ አለችና ወረቀት ሰጠችኝ። የእትብት ደም የሚያስቀምጥ ድርጅት ሠራተኛ ናት። ልጁ እንደተወለደ ከእትብቱ ደም ይቀዳል፣ ስቴም ሴሉ፣ ማለትም ሌሎች ሴሎች የሚወጡበት መነሻ ሴል፣ ተለይቶ በረዶ ውስጥ ይቀመጣል፣ ነገ ልጁ ቢታመም በራሱ ሴል ይድናል ነው የምትለው። ስኳር፣ ልብ፣ ኦቲዝም፣ ያልጠራችው በሽታ የለም። ክፍያው ደግሞ አንዴ ከፍለሽ የምትገላገዪው አይደለም፣ በየዓመቱ ነው። ባሌ ለልጃችን ከሆነ ተበድረንም ቢሆን እንከፍላለን ይላል። እኔ ግን ግራ ገብቶኛል። ብተወውና ነገ አንድ ነገር ቢመጣ ራሴን ይቅር የምል አይመስለኝም። ሁለት ነገር ንገሩኝ። እውነት ይሠራል? ደሙ ሲወሰድስ ልጁን አይጎዳውም?

ዳዊት፦
ማክዳ፣ በሰላም ያገላግልሽ። የመቅኔ ንቅለ ተከላ ከሚሠራ ክፍል ጋር የሚሠራ ላብራቶሪ ውስጥ ነኝ። የነገረችሽ እውነቱና ተስፋው አንድ ላይ ተደባልቆ ነው። የእትብት ደም መድኃኒት ነው፣ እዚህ ላይ ጥርጥር የለም። በ1988 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ፓሪስ ውስጥ ዶክተር ኤልያን ግሉክማን ፋንኮኒ አኒሚያ የሚባል በዘር የሚመጣ የደም በሽታ ያለበትን ሕፃን በእትብት ደም አከሙት። ግን ልብ በዪ፣ ደሙ የራሱ አልነበረም። አዲስ የተወለደች እህቱ ናት የሰጠችው። የራሱማ ቢሆን ያው የታመመውን ዘር ይዞ ይመለስበት ነበር። ሲክል ሴልና ታላሴሚያ የሚባሉት በዘር የሚመጡ የደም በሽታዎችም እንደዚያው ናቸው። ሉኪሚያ የሚባለውን የደም ካንሰር እንኳ ብዙ ሰው ከተወለዱ በኋላ የሚመጣ ይመስለዋል እንጂ፣ በልጅነት የታመሙ አንዳንድ ልጆች ሲወለዱ የተወሰደው ደማቸው ተፈልጎ ሲመረመር የበሽታው መነሻ የሆነው ለውጥ ያኔውኑ ተገኝቶበታል። እንዲህ ያለ ልጅ ሲታመም ሐኪሙ የራሱን የተቀመጠ ደም ሳይሆን የሌላ ጤነኛ ሰው ነው የሚፈልገው።

ኦቲዝም ያለችሽን ዱክ ዩኒቨርሲቲ በደንብ ሞክሮታል። ውጤቱ በ2020 ሲወጣ፣ በዋናው መለኪያ የእትብት ደም ያገኙት ልጆች ሴል የሌለበት ማስመሰያ ከተሰጣቸው የተለየ ለውጥ አላሳዩም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2017 ባወጣው አቋም እንዲሁ ለማንኛውም ይሁን ብሎ በግል ማስቀመጥን አይመክርም። የሕዝብ የእትብት ደም ባንክ ባለበት መለገስን ነው የሚመርጠው፣ ምክንያቱም እዚያ የገባ ደም ለሚስማማው ለማንኛውም በሽተኛ ይውላል።

አዋላጇ፦
ሁለተኛውን ጥያቄሽን እኔ ልመልስልሽ። አዋላጅ ነርስ ነኝ። ልጁ ወጥቶ ደረትሽ ላይ ሲተኛ እትብቱን በሁለት ጣቴ እይዘዋለሁ። ወፍራም ነው፣ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ትርታው ጣቴን ይመታል። ዝም ብለን ስንጠብቅ ትርታው እየደከመ ይሄዳል፣ ከዚያ እትብቱ ይነጣና ይላላል። በዚያች ጊዜ ውስጥ እንግዴ ልጁ ውስጥ የነበረው ደም ወደ ልጅሽ እየገባ ነበር። በመጀመሪያው ደቂቃ ብቻ ወደ 80 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ጠቅላላ ደሙ 250 ሚሊ ሊትር አካባቢ መሆኑን ስታስቢ ቀላል ነገር አይደለም! ለወራት የሚሆነው የብረት ስንቁ ነው። ያለ ጊዜያቸው ለሚወለዱትማ ከሞት የማዳን ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ልጁ ትንፋሽ አጥቶ እርዳታ ካላስፈለገው በስተቀር እትብት ከ1 ደቂቃ በፊት አይታሰር ይላል።

ደም የሚቀዳው እትብቱ ከታሰረና ከተቆረጠ በኋላ ስለሆነ መርፌው ልጁን አያመውም። ጉዳቱ የሚመጣው ከረጢቱ እንዲሞላ ተብሎ ቶሎ ሲታሰር ነው። እኔ እዚህ ላይ ከማንም ጋር እከራከራለሁ። ደሙ በቅድሚያ የልጁ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ሁለቱም ያሉት ልክ ነው፣ እኔ ግን አስቀምጫለሁ። ትልቁ ልጄ ሲክል ሴል አለበት። ሌሊት እግሬን እግሬን እያለ ሲያለቅስ አቅፌው ያነጋሁበትን ቀን አልቆጥረውም። ሁለተኛዋን ሳረግዝ ሐኪሞቹ ራሳቸው የእትብቷ ደም ይያዝ አሉን። ከአንድ አባትና እናት የተወለደ ልጅ ከወንድሙ ጋር ሙሉ በሙሉ የመስማማት ዕድሉ ከአራት አንድ ነው አሉን፣ እሷ ራሷም በሽታው የሌለባት መሆን ነበረባት። ውጤቱ እስኪመጣ እህል አልቀመስኩም ብል ማጋነን አይሆንም። ተስማማ። በሽታውም የለባትም። አሁን ለንቅለ ተከላው እየተዘጋጀን ነው። ስለዚህ ማክዳ፣ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ የታመመ ልጅ ካለ ነገሩ ሌላ ነው። አስቀምጡ ያሉን ግን ልጄን የሚያክሙት ሐኪሞች ናቸው፣ ወረፋ ላይ ወረቀት የሚያድል ሰው አይደለም።

ማክዳ፦
እግዜር ይስጣችሁ፣ የሁለት ልጆች እናት በተለይ አንቺን፣ ልጅሽን ፈጣሪ ይማርልሽ። በእኔም በባሌም ወገን የደም በሽታ ያለበት ሰው የለም። አንድ የቀረኝ ነገር ወረቀቱ ላይ ጽንስ ማህፀን ውስጥ እያለ በስቴም ሴል ይታከማል የሚል አለ። ይሄስ ውሸት ነው?

ዳዊት፦
እሱ ውሸት አይደለም፣ ግን ከምትከፍዪው ክፍያ ጋር አይገናኝም። ስፓይና ባይፊዳ የሚባል አለ፣ የጽንሱ አከርካሪ ሳይገጥም ይቀርና ህብለ ሰረሰሩ ተጋልጦ ይቀራል። በ2011 የወጣ ትልቅ ጥናት ቀዳዳውን ገና በማህፀን ሳለ፣ ከ26ኛው ሳምንት በፊት ቀዶ መዝጋት ከተወለደ በኋላ ከመዝጋት እንደሚሻል አሳየ። በኋላ መራመድ የቻሉት ልጆች በዙ። ለእናትየው ግን ከባድ ነው፣ ምጥም ያለ ጊዜው ሊመጣ ይችላል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ዶክተር ዳያና ፋርመርና ባልደረቦቿ ደግሞ ከተለገሰ እንግዴ ልጅ የወሰዱትን ስቴም ሴል በስስ ጨርቅ መሳይ ነገር ላይ አሳድገው፣ በዚያው ቀዶ ሕክምና ጊዜ የጽንሱ ህብለ ሰረሰር ላይ ያስቀምጡታል። በሰው ላይ መሞከር የጀመሩት በ2021 ነው። እኔ ይሄን ሥራ በጉጉት ነው የምከታተለው። እዚህም ቢሆን ሴሉ የራሱ የጽንሱ እንዳልሆነ ተመልከቺ።

ይሄን የምታነቡ ገና ለማርገዝ ያሰባችሁ ደግሞ ፎሊክ አሲድ 400 ማይክሮግራም በየቀኑ ከማርገዛችሁ በፊት ጀምሩ። የጽንሱ ህብለ ሰረሰር የሚገጥመው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፣ ብዙዎቻችሁ እርጉዝ መሆናችሁን ሳታውቁት። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች ካለች መጠኑ በጣም ስለሚጨምር ሐኪም ታማክር።

ማክዳ፦
ባሌን ቁጭ አድርጌ አስነበብኩት። ትተነዋል። አዋላጇ፣ እትብቱ ቶሎ እንዳይታሰር ለማን ልንገር?

አዋላጇ፦
በሚቀጥለው ክትትልሽ ለምታይሽ ሐኪም ወይም አዋላጅ ንገሪና ካርድሽ ላይ አጽፊው። ባልሽም ይወቀው፣ ምጥ ላይ ሆነሽ አንቺ አታስታውሺውም። በኦፕራሲዮን ብትወልጂም ልጁ ደህና ከሆነ መጠበቅ ይቻላል፣ ጠይቂያቸው።