የተቆረጠብን ጡረታ ገቢ አልሆነም፣ የፓርላማ ተወካያችን ምን ሊያደርግልን ይችላል?

ሪሴፕሽኗ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ባህር ዳር ጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች አንዱ ላይ ነው ምሠራው፣ ስሙን አልጠራም። ደመወዜ 6,000 ብር ነው፣ ፔሮል ላይ በየወሩ 420 ብር ጡረታ ተብሎ ይቆረጥብኛል። በቀደም አንዲት ባልደረባችን ሥራ ለቃ የጡረታ ማስረጃዋን ልታስተካክል ብትሄድ ለረጅም ጊዜ በስሟ የገባ ነገር የለም ተባለች። እሷ እንደዛ ከሆነች እኛም ያው ነን ማለት ነው ብለን ኤች አር ስንጠይቅ ገበያው እስኪስተካከል ታገሱ አሉን። ገበያ እንደሌለማ እናውቃለን፣ ቱሪስት እንደድሮው አይመጣም፣ ዘጌና ገዳማቱ የሚወስዱት ጀልባዎች ራሱ ቆመው ነው ሚውሉት፣ ግን 420 ብሩ ከኔ ደመወዝ ላይ ወጥቷል እኮ፣ ታዲያ የት ገባ?

ጥያቄዬ ምንድነው፣ የፓርላማ ተወካዮች ምክር ቤት ሲዘጋ ወደየመረጣቸው ሕዝብ መጥተው ያወያያሉ ይባላል። እዛ ስብሰባ ላይ ብንናገር ሚመጣ ነገር አለ? ሌላው ደግሞ ሠፈራችን ውሃ ሌሊት ነው ሚመጣው፣ እሱም ሳይታሰብ ይጠፋል፣ ይሄም ለተወካዩ ነው ሚነገረው? ተወካይ ሥራው በትክክል ምን እንደሆነ ሚያውቅ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ከችሎት በር፦

እህቴ አይዞሽ። ተወካዩን ለጊዜው ቆይ በይውና መጀመሪያ የራስሽን ነገር አጣሪ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ የመጣው በአዋጅ 715/2003 ነው፣ አሁን እየተሠራበት ያለው ደግሞ 1268/2014 ነው፣ ካንቺ 7 በመቶ ካሠሪው 11 በመቶ ነው ሚዋጣው። ስለዚህ በ6,000 ብር ላይ ያንቺ 420 ብቻ ሳይሆን የሱም 660 አለ፣ በድምሩ በየወሩ 1,080 ብር በስምሽ መግባት ነበረበት፣ በዓመት 12,960 ይመጣል። ሰው ሁሉ ያሠሪውን ድርሻ ይረሳዋል፣ እሱም እኮ የሠራሽበት ነው፣ ማንም በችሮታ አይሰጥሽም።

አሠሪው መዋጮውን ያ ወር ካለቀ በ30 ቀን ውስጥ ገቢ ማድረግ አለበት፣ ገንዘቡን የሚሰበስበው የግብር መሥሪያ ቤቱ ስለሆነ የሠራተኛው ስም ዝርዝርና የተቆረጠው ብር በፎርም ተሞልቶ ነው ሚቀርበው። ካዘገየ ወለድና ቅጣት አለው። ሌላው ቀርቶ ከሠራተኛው ሳይቆርጥ የቀረ አሠሪ ራሱ ከኪሱ ይከፍላል ነው ሕጉ ሚለው፣ እና ቆርጦ ያላስገባው ምን ሊል ነው?

ስለዚህ ፔይሮል ስሊፕሽን ሰብስቢ፣ ስሊፕ ማይሰጡ ከሆነ ደመወዝሽ የገባበትን የባንክ ስቴትመንት አውጪ፣ የቅጥር ኮንትራትሽንና የጡረታ መለያ ቁጥርሽን ያዢና የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ሄደሽ በጽሑፍ አመልክቺ። በቃል ተናግረሽ አትመለሽ፣ ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይውጣለት፣ ኮፒው ላይ ማህተም አስደርጊ። ብሩን የሚሰበስበው ግብር መሥሪያ ቤቱ ቢሆንም በስምሽ መግባት አለመግባቱን የሚከታተለው ይሄ አስተዳደር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር ብዙ ሰው ሚጎዳበት ስለሆነ። ከጡረታው ሌላ ያልተከፈለሽ ኦቨርታይም ወይ ደመወዝ ካለ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት መጠየቅ ምትችይው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ነው፣ ካለፈ በይርጋ ይታገዳል። ተባሮ ወደ ሥራ ልመለስ ሚል ደግሞ 3 ወር ብቻ ነው ያለው። ተወካዩ እስኪመጣ፣ ስብሰባ እስኪጠራ ተብሎ ሲጠበቅ መብቱ ያልፋል። ክሱ የዳኝነት አይከፈልበትም፣ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎትም በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ነው ሕጉ ያስቀመጠው፣ በተግባር ሊዘገይ ይችላል ግን መብቱ እንዳለሽ እወቂ።

ግሽ ዓባይ፦

ተወካይ ምናምን እያላችሁ አትድከሙ። እኔ እንደዚህ አይነት ስብሰባ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ፣ ሰው እየተነሳ ውሃ፣ መንገድ፣ ሥራ አጥነት፣ ኑሮ ውድነት ሲል ይውላል፣ ማስታወሻ ይይዛሉ፣ ለሚመለከተው አካል እናቀርባለን ይባላል፣ በቃ። ከዛ በኋላ ማን ምን እንዳደረገ ሚነግርህ የለም።

የምክር ቤት ተከታታይ፦

ግሽ ዓባይ ያልከው እውነት ነው፣ አይቻለሁ፣ ግን አንዱ ምክንያት የምንጠይቀው ጥያቄ ለሰውየው ሥልጣን ማይሆን ስለሆነ ይመስለኛል። አንድ አዳራሽ ውስጥ የቀበሌውንም የክልሉንም የፌዴራሉንም ጉዳይ አንድ ላይ ስናፈሰው እሱም አቀርባለሁ ብሎ ለመሄድ ይመቸዋል።

እህቴ ጉዳዩ እንዲህ ነው። የሠራተኛ ሕግና የጡረታ ሕግ የፌዴራል ነው፣ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንደሆነ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ላይ በግልጽ አለ። እና ተወካዩ ሦስት ሥራ አለው በለው፣ ሕግ ማውጣት፣ በጀት ማጽደቅና አስፈጻሚውን መቆጣጠር። ያንቺን ሆቴል ጠርቶ ክፈል ሊል አይችልም፣ ዳኛም ኢንስፔክተርም አይደለም፣ ዳኛው ጋ ደውሎ እንዲህ ወስን ቢልማ ራሱ ጥፋት ነው። ግን ሚኒስትር ጠርቶ መጠየቅ ይችላል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ጭምር፣ ይሄ በሕገ መንግሥት የተሰጠው ነው። የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ሲያቀርብ የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ፊት ነው ሚቀርበው፣ እዛ ላይ ባህር ዳር ውስጥ ከሠራተኛ ቆርጠው ያላስገቡ ድርጅቶች ስንት ናቸው፣ ስንቱስ ተጠየቀ ብሎ ቢጠይቅ መሥሪያ ቤቱ ቁጥር ይዞ ለመምጣት ይገደዳል። ያንቺን ስም ሳይጠራ ያንቺን ችግር ማንሳት ማለት ይሄ ነው።

ምክር ቤት ሲንቀሳቀስ የሠራተኛ ኪስ ላይ ለውጥ እንደሚመጣ ደግሞ በቅርብ አይተናል። በ2017 መጨረሻ በጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ያንቺን 6,000 ብናሰላው ድሮ ግብሩ 935 ብር ነበር አሁን 700 ነው፣ 235 ብር እጅሽ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ትንሽ ነው፣ በዚህ ኑሮ ዘይት እንኳን በቅጡ አይገዛም፣ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ ግብሩ ይቀነስ እያለ ለዓመታት ሲጮህ ነበር የቆየው። ግን በመጨረሻ ሕግ የሆነው እዛ ቤት ውስጥ እጅ ሲወጣ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ሕግ ሆኖ የተቀመጠ ነገር አለ። 1156/2011 ላይ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል፣ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ያስወስናል ይላል፣ ዝርዝሩ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወጣል ተብሎ ተተወ። ከዛ ስንት ዓመት ተጠበቀ? እኔ ተወካይ ቢገጥመኝ መጀመሪያ ምጠይቀው ይሄን ነው፣ ያወጣችሁት አዋጅ ደንቡ ለምን ዘገየ፣ ማንን ጠየቃችሁ፣ ምን መለሰላችሁ። ይሄን ጥያቄ ለሚመለከተው አካል ብሎ ማለፍ አይችልም፣ ሚመለከተው አካል ራሱ ነው።

መቼ ይገኛል ላልሽው፣ ምክር ቤቱ ከመስከረም መጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው ሚሠራው፣ መሀል ላይ የአንድ ወር እረፍት አለ። ስለዚህ ክረምቱን በተለይ ሐምሌና ነሐሴን ጠብቁ። አደራ ግን ስብሰባ ላይ ብቻ አትናገሩ፣ በደብዳቤ ስጡት። የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ካጣበት ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል አንቀጽ 54 ላይ ተጽፏል፣ ይሄን ተወካዮቹም ያውቁታል እኛ ነን የረሳነው።

ውሃው የሱ አይደለም። እሱ የከተማው ውሃና ፍሳሽ ነው፣ ከሱ በላይ ክልሉ ነው፣ ስለዚህ የከተማ ምክር ቤትና የክልል ምክር ቤት ተመራጭሽን ጠይቂ። መብራት ቢሆን ኖሮ የፌዴራል ነበር።

የጨርቃጨርቅ ጡረተኛ፦

ልጄ ጽሑፍሽን አንብቤ አዘንኩ። እኔ የባህር ዳር ጨርቃጨርቅ ሠራተኛ ነበርኩ፣ አሁን በጡረታ ነው ምኖረው። የጡረታ ነገር በወጣትነት አይታይም፣ ለዛ ነው ልጽፍልሽ ያሰብኩት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 60 ዓመት ሲሞላሽ 10 ዓመት ያገለገልሽ ከሆነ የመጨረሻው ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝሽ 30 በመቶ ይያዝልሻል፣ ከ10 በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፣ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 25 ዓመት የሠራ ሰው 48.75 በመቶ ያገኛል። አሁን አራት ዓመቱ አልገባም ተብሎ ቢቆረጥበት 21 ዓመት ይሆንና 43.75 ላይ ይወርዳል። አማካይ ደመወዙ 10,000 ከሆነ በወር 500 ብር እስከለተሞቱ ቀረበት ማለት ነው። ሲሞትም ለሚስት የሚተርፈው ከዛው አበል ላይ ግማሹ ነው፣ ጉድለቱ እሷም ላይ ይቀጥላል። ከ10 ዓመት በታች ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ወርሃዊ አበል የለም፣ ዳረጎት የሚባል የአንድ ጊዜ ክፍያ ተሰጥቶ ነው ሚሸኝ። የኛ ሠፈር ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ማስረጃ ጎድሎባቸው በሰው እጅ ላይ የወደቁ አሉ፣ ስማቸውን መጥቀስ ተገቢ አይደለም።

እና ልጄ ለብቻሽ አትሂጂ። እኛ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሰው ቢሮ ገብቶ ሲናገር ነገ ተመለስ ይባላል፣ ማኅበሩ ሲገባ ግን ወንበር ይሰጠዋል። ሕጉ 10 ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይችላል ይላል። እናንተ ከአስር አታንሱም መቼም፣ አስተናጋጁ፣ ምግብ አብሳዩ፣ ጥበቃው፣ የጽዳቷ ልጅ ሁሉም ሠራተኛ ነው።

ሪሴፕሽኗ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴ እርሶ የጻፉትን ለጓደኞቼ በቴሌግራም ልኬላቸዋለሁ፣ 500 ብር እስከለተሞት ያሉትን ሲያነቡ ነው ነገሩ የገባቸው። የሠራተኛ ማኅበር ያሉትን ብዙዎቹ ፈርተዋል፣ ስማችን ከታየ ያባርሩናል ነው ሚሉት፣ እንደምታውቁት አሁን ባህር ዳር ላይ ከሥራ ብትወጣ ሌላ ሆቴል ሚቀጥርህ የለም። ይሄን ምን ትላላችሁ?

ከችሎት በር፦

ፍርሃቱ ይገባኛል፣ ምንም አይመጣም ብዬ አልዋሽሽም። ሕጉ ግን በማኅበር አባልነት ወይም አሠሪው ላይ አቤቱታ በማቅረብ ማባረር ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም ብሎ በግልጽ ከልክሏል፣ ያባረረ ይመልሳል ወይ ካሳ ይከፍላል። ለዚህ ነው አሁኑኑ በጽሑፍና በቀን መያዝ ያለበት፣ አቤቱታችሁ ከማባረሩ በፊት የቀረበ መሆኑ በማህተም ከታየ ክርክሩ ይቀላል። መጀመሪያ ጡረታው ጋ አመልክቱ፣ ለክልሉ የሠራተኛ ጉዳይ ኢንስፔክሽንም ኮፒ አድርጉ። ፊርማውን አንድ ሰው ከላይ ሆኖ አይጀምር፣ ወረቀቱ መሀል ላይ ክብ ሥሩና ዙሪያውን ፈርሙ፣ ማን እንደጀመረው አይታወቅም።

የምክር ቤት ተከታታይ፦

የዛኑ ማመልከቻ ኮፒ ለተወካዩ ስጡት፣ መዝገብ ቁጥሩ ያለበትን። እና ከአንድ ገጽ አይብለጥ፣ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይኑረው፣ የጡረታ መዋጮ ክትትሉና የደመወዝ ቦርዱ። ስብሰባው ላይ ሌላ ሰው ውሃውን ሲያነሳ እናንተ እነዚህን ሁለቱን ያዙ።

ግሽ ዓባይ፦

እሺ፣ እኔም የምሠራበት ቦታ ስሊፕ አይሰጡም፣ ነገ ስቴትመንት አወጣለሁ። ቅርንጫፉ ለመሄድ የጡረታ መለያ ቁጥር ግዴታ ነው እንዴ? ተሰጥቶኝ አያውቅም።

ከችሎት በር፦

ተሰጥቶህ ማያውቅ ከሆነ ምናልባት ከነጭራሹ አላስመዘገቡህም። ኮንትራትህንና መታወቂያህን ይዘህ ሂድ፣ መጀመሪያ መመዝገብህን ጠይቅ፣ ካልተመዘገብክ ማመልከቻህ በዛ ይጀምራል።