ኪቦርዱ ባዮስና ግረብ ላይ ይሠራል፣ ሊኑክስ ሲነሳ ግን አንድም ቁልፍ አይቀበልም

ጠያቂ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የላፕቶፔ የራሱ ኪቦርድ ሊኑክስ ከተነሳ በኋላ አይሠራም። ባዮስ (ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ሶፍትዌር) ውስጥ ሁሉም ቁልፍ ይሠራል፤ ሲስተሙን የሚያስነሳው የግረብ ማውጫ ላይም ቀስቶቹና ኢንተር ይታዘዛሉ። የመግቢያው ስክሪን ሲመጣ ግን የካፕስ ሎክ መብራት እንኳ አይበራም። ታችፓዱ ደህና ነው፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ኪቦርድም ያለ ችግር ይጽፋል።

ሲስተሙ ኡቡንቱ፣ ፕሮሰሰሩ ኤኤምዲ ራይዘን 6000 ተከታታይ ነው። ችግሩ የጀመረው ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) አፕዴት ከሆነ በኋላ ነው። ሪስታርት አድርጌአለሁ፣ ሌይአውት ቀይሬአለሁ፣ በአይ8042 የሚጀምሩ አራት አማራጮችንም አንድ ላይ ግረብ ውስጥ ጨምሬአለሁ፤ ለውጥ የለም። አዲስ ኪቦርድ ገዝቼ ላስገጥም ወይስ የሶፍትዌር ጉዳይ ነው?

ሰሌዳ፦

ገንዘብህን አታውጣ። ባዮስ ውስጥ ሁሉም ቁልፍ የሚሠራ ከሆነ ቁልፎቹም፣ ሪባን ኬብሉም (ኪቦርዱን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ገመድ)፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ኮንትሮለርም ጤነኞች ናቸው። መፈለግ ያለብህ የቁልፉ መልእክት መንገድ ላይ የት እንደሚቀር ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ቁልፍ ስትጫን መጀመሪያ የሚያውቀው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ትንሽ ኮንትሮለር ነው። እሱም አይ8042 የሚባለውን የድሮ የፒኤስ/2 ቺፕ አስመስሎ ለፕሮሰሰሩ ጥሪ ይልካል፤ ይህ ጥሪ ኢንተራፕት ቁጥር 1 ነው። ከርነሉ ጥሪውን ሲሰማ ኤቲኬቢዲ የተባለው ድራይቨር የቁልፉን ኮድ ያነባል፣ ከዚያ ሊብኢንፑት የተባለው ከኪቦርድና ከማውስ የሚመጣውን የሚያስተናግድ ሶፍትዌር ይቀበለዋል፣ በመጨረሻም ዴስክቶፑ ለከፈትከው ፕሮግራም ያደርሳል። የዩኤስቢ ኪቦርድህ በሌላ መንገድ ስለሚገባ ነው የሚሠራው። ታችፓድህም ምናልባት አይ2ሲ በተባለ ሌላ የውስጥ መስመር የተገናኘ ነው፤ ብዙዎቹ አዳዲስ ላፕቶፖች እንደዚያ ናቸው።

መጀመሪያ የጨመርካቸውን አራት አማራጮች አውጣና ሪስታርት አድርግ፤ እነሱ እያሉ የሚገኝ ውጤት ያሳስታል። ከዚያ የዩኤስቢውን ኪቦርድ ሰክተህ የሚከተሉትን እይ። (ትእዛዞቹንና የፋይል መንገዶቹን በፊደላችን ነው የምጽፋቸው፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ትጽፋቸዋለህ።)

/ፕሮክ/ባስ/ኢንፑት/ዲቫይሰስ የሚለውን ፋይል በካት ክፈትና «ኤቲ ትራንስሌትድ ሴት 2 ኪቦርድ» የሚል ስም ፈልግ። ከሌለ ከርነሉ ኪቦርዱን ከነጭራሹ አላገኘውም።

ስሙ ካለ /ፕሮክ/ኢንተራፕትስ ውስጥ በ1 የሚጀምረውንና መጨረሻው ላይ አይ8042 የሚለውን መስመር ተመልከት። በዎች ትእዛዝ ብትከፍተው በየ2 ሰከንዱ ራሱን ያድሳል። የላፕቶፑን ቁልፎች ደጋግመህ ተጫን። አንድ ቁልፍ ሲጫንም ሲለቀቅም ጥሪ ስለሚልክ ጤነኛ ኪቦርድ ላይ ቁጥሩ ቶሎ ቶሎ ይጨምራል። የዩኤስቢው ኪቦርድ ይህን ቁጥር አይነካውም፤ ስለዚህ ፈተናው ንጹሕ ነው።

ቁጥሩ እየጨመረ ጽሑፍ ከሌለ ደግሞ ሊብኢንፑት-ቱልስ የተባለውን ፓኬጅ ጫንና ሱዱ ሊብኢንፑት ዲባግ-ኢቨንትስ በል (ሱዱ ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስኬዳል)። እዚያ ላይ ቁልፎቹ ከታዩ ከርነሉ ሥራውን ጨርሷል፤ ጥፋቱ ዴስክቶፑ ጋ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የአንዳንድ ላፕቶፖች ኪቦርድ በአይ2ሲ፣ በኤስፒአይ ወይም ውስጥ ለውስጥ በዩኤስቢ የተገናኘ ነው። እነሱ ላይ የኢንተራፕት 1 ፈተና ምንም አይነግርም።

ሱዱ ዲሜሴጅ (የከርነሉን የመልእክት መዝገብ የሚያሳየው ትእዛዝ) ብለህም አይ8042፣ ኤቲኬቢዲ እና አይአርኪው 1 (ኢንተራፕት 1 ማለት ነው) የሚሉ መስመሮችን ላክልን። ግረብ ላይ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ከሚለው ገብተህ የቀድሞውን ከርነል ሞክር። እሱ ላይ ከሠራ ፍለጋው ግማሽ ተጠናቀቀ።

ጠያቂ፦

አማራጮቹን አውጥቼ ሁሉንም አየሁ። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ኢንተራፕት 1 ግን የቱንም ያህል ቁልፍ ብጫን ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ዲሜሴጅ ውስጥ «ኤሲፒአይ፦ አይአርኪው 1 ኦቨርራይድ ቱ ኤጅ፣ ሃይ» የሚል መስመር አለ፤ ሃይ ከሚለው ቀጥሎ በቅንፍ ቃለ አጋኖ ተቀምጧል። በቀድሞው ከርነል ስነሳ መስመሩ የለም፣ ኪቦርዱም ይሠራል።

ከርነል_ቤት፦

ያቺ ቃለ አጋኖ ናት ዋናዋ። ከርነሉ «የላፕቶፑ ሠንጠረዥ ሌላ ነገር ብሎኛል፣ እኔ ግን ቀየርኩት» እያለህ ነው።

ነገሩ ይህ ነው። ኢንተራፕት ማለት በአንድ ሽቦ ላይ የሚታይ የቮልቴጅ ለውጥ ነው። ከርነሉ ጥሪውን ለመስማት ሽቦው ከፍ ሲል ነው ወይስ ዝቅ ሲል የሚጠራው የሚለውን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በድሮው የፒሲ ልማድ ኢንተራፕት 1 ከፍ ሲል ነው የሚጠራው። የአንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች የኤሲፒአይ ሠንጠረዥ (ባዮሱ ስለ ሃርድዌሩ ለከርነሉ የሚሰጠው መግለጫ) ግን ዝቅ ሲል ነው ይላል፣ ሃርድዌሩም በእርግጥ እንደዚያው ነው። ከርነሉ የድሮውን ልማድ ይዞ ሠንጠረዡን ሲሽረው ኪቦርዱ በአንድ በኩል ይጣራል፣ ከርነሉ በሌላ በኩል ያዳምጣል። ድራይቨሩ ተጭኖ፣ ስሙም ዝርዝሩ ውስጥ ተቀምጦ ቁጥሩ የማይንቀሳቀሰው ለዚህ ነው። ባዮስና ግረብ ይህን የከርነል ውሳኔ ስለማያውቁት አይነካቸውም።

«ታዲያ ሁልጊዜ ሠንጠረዡን ቢያምን ምን አለበት?» ትል ይሆናል። ሠንጠረዣቸው ራሱ የተሳሳተ ላፕቶፖችም አሉ፤ እነሱ ላይ የሚያድነው ሽረቱ ነው። ስለዚህ የከርነሉ ሠሪዎች ሞዴሎችን በስም እየለዩ በዝርዝር ይዘዋል፤ ዝርዝሩ በከርነሉ ምንጭ ኮድ ድራይቨርስ/ኤሲፒአይ ውስጥ ሪሶርስ ነጥብ ሲ በተባለው ፋይል ላይ ይገኛል። ደንቡ ለአንዱ ሲስተካከል ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባ ሌላ ሞዴል ሊሰበር ይችላል። አንተን ያገኘህ ይህ ይመስለኛል።

ለጊዜው በቀድሞው ከርነል ቆይ። ነገር ግን አፕት አውቶሪሙቭ ሲጸዳ አሮጌ ከርነል ሊያጠፋ ስለሚችል፣ አፕት-ማርክ ማኑዋል በሚለው ትእዛዝ የዚያን ከርነል ኢሜጅ ፓኬጅ ከነቁጥሩ ጠብቀው፤ የሞጁሎቹን ፓኬጅም አትርሳ። አፕት-ማርክ ሆልድ ብለው ከርነሉን ጨርሶ የሚያስሩ አሉ። አልመክርም፤ የደኅንነት ማስተካከያዎችም አብረው ይቆማሉ።

ቀጥሎ ባዮስህን አፕዴት አድርግ፤ ሠንጠረዡ የሚመጣው ከእሱ ነውና። ከዚያ አሁን ካለህ የሚበልጥ አዲስ ከርነል ሞክር። የሞዴልህ ስም እዚያ ገብቶ ከሆነ ሌላ ምንም ሳትነካ ይሠራል። ካልሠራ /ሲስ/ክላስ/ዲኤምአይ/አይዲ ውስጥ ቦርድ_ኔምና ሲስ_ቬንደር የሚሉትን ሁለት ፋይሎች አንብብ (ሱዱ አያስፈልግም)፣ ሙሉውን ዲሜሴጅና ሠንጠረዦቹን የሚያወጣውን የኤሲፒአይደምፕ ትእዛዝ ውጤት ጨምረህ ለስርጭትህ የስህተት መመዝገቢያ ወይም ለከርነሉ ባግዚላ አስገባ። ዝርዝሩ ውስጥ መግባት የጥቂት መስመር ኮድ ነው፤ ሠሪዎቹ የሚጎድላቸው ትክክለኛው የቦርድ ስም ብቻ ነው። የሚሠራበትንና የማይሠራበትን የከርነል ቁጥርም ጻፍ፤ ያለ እሱ መጀመሪያ የሚጠይቁህ ያንን ነው።

ሲስተም_ጠጋኝ፦

ስለ አራቱ አማራጮች ልናገር፤ ብዙ ሰው ጅምላውን ገልብጦ ይለጥፋቸዋልና።

አይ8042 ነጥብ ሪሴት ኮንትሮለሩን ሲነሳና ከእንቅልፍ ሲመለስ እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። ኖሙክስ ኮንትሮለሩ ብዙ መሣሪያ ማስተናገድ ይችል እንደሆነ የሚጠይቀውን ሙከራ ያስቀረዋል፤ አንዳንድ ላፕቶፕ በዚያ ጥያቄ ይደነግጣል። ኖፒኤንፒ ስለ ኮንትሮለሩ ኤሲፒአይ የሚለውን ትቶ የድሮዎቹን ወደቦች 0ኤክስ60 እና 0ኤክስ64 በቀጥታ ይወስዳል። ደምብኬቢዲ ደግሞ ከኪቦርዱ እያነበበ ምንም ትእዛዝ እንዳይልክለት ያደርጋል፤ ስለዚህ የካፕስ ሎክ መብራት አይሠራም፣ ሰውም ሌላ ብልሽት መጣ ብሎ ይጨነቃል። ኖኦክስ የሚለውን ማንም እንዳይጨምር፤ ታችፓዱ የፒኤስ/2 ከሆነ አብሮ ይጠፋል።

አንድ በአንድ ነው የሚሞከሩት፣ መጀመሪያም በጊዜያዊነት። ግረብ ላይ መስመሩን መርጠህ ኢ የሚለውን ቁልፍ ተጫን፣ ሊኑክስ በሚል ቃል ከሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ ክፍት ቦታ ትተህ አማራጩን ጻፍ፣ በኮንትሮልና ኤክስ ወይም በኤፍ10 አስነሳ። በሚቀጥለው ሪስታርት ይጠፋል። የሠራውን ብቻ /ኢቲሲ/ዲፎልት/ግረብ ውስጥ ግረብ_ሲኤምዲላይን_ሊኑክስ_ዲፎልት በሚለው መስመር አስቀምጠህ ሱዱ አፕዴት-ግረብ በል። ይህን መጨረሻ ሳይሉ ፋይሉን ብቻ አስተካክለው «አልሠራም» የሚሉ ብዙ ናቸው።

ኪቦርዱ የሚጠፋው ላፕቶፑ ተኝቶ ሲነሳ ብቻ ከሆነ ሪስታርት ሳያስፈልግ መመለስ ይቻላል። /ሲስ/ባስ/ሴሪዮ/ዲቫይሰስ ውስጥ ካሉት ሴሪዮዎች ዲስክሪፕሽን ፋይሉ «አይ8042 ኬቢዲ ፖርት» የሚለውን ለይ፤ ብዙ ጊዜ ሴሪዮ0 ነው። ከዚያ ሪኮኔክት የሚለውን ቃል በኢኮና በሱዱ ቲ ወደ ዲአርቪሲቲኤል ፋይሉ ጻፍ። ከሠራ ቋሚ መድኃኒትህ ሪሴት ነው፣ ካልበቃ ኖሙክስን ጨምርበት።

ዴስክቶፕ_ሰው፦

የኢንተራፕት 1 ቁጥር እየጨመረ ዴስክቶፑ ላይ የማይጽፍለት ካለ ከዚህ ይጀምር።

ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 አብረህ ተጫን። ጥቁሩ መግቢያ መጥቶ እዚያ ከጻፈ ኪቦርዱም ከርነሉም ደህና ናቸው። አንዱ የተለመደ ምክንያት ስሎው ኪስ ነው፦ ቀኙን ሺፍት 8 ሰከንድ ያህል ይዘህ ከቆየህ በራሱ ሊበራ ይችላል፣ ከዚያ ወዲያ ቁልፉን ጫን አድርገህ ካላቆየኸው አይቀበልም። ሰው ኪቦርዱ ሞተ ይላል፤ ረዘም አድርጎ ሲጫን ግን ይጽፋል። ኖም በተባለው ዴስክቶፕ ላይ ሴቲንግስ፣ አክሰሲቢሊቲ፣ ታይፒንግ ውስጥ በማውስ ይጠፋል።

ስክሪኑ የሚገለበጥ ላፕቶፕ ከሆነ ታብሌት ሞድ የሚል ማብሪያ ማጥፊያ አለው። ሊብኢንፑት ይህ በርቷል ብሎ ካመነ የውስጡን ኪቦርድ ሆን ብሎ ይዘጋዋል። ሴንሰሩ ወይም ድራይቨሩ ሲሳሳት ላፕቶፑ ተዘርግቶም ዝግ ይሆናል። ይህ ሲሆን ዲባግ-ኢቨንትስ ላይ ሱዊች_ቶግል የሚል መስመር ይታያል፣ ቁልፎቹ ግን አይታዩም፤ ከርነሉን በቀጥታ የሚያነበው ኢቪቴስት የተባለ ፕሮግራም ላይ ደግሞ ይታያሉ። የሁለቱ ልዩነት ነው የሚያጋልጠው።

አማርኛ የምንጽፍ ሰዎች አይባስ የተባለውን የመጻፊያ ፕሮግራምም እንጠርጥር። ሲቆም ቁልፎቹን ተቀብሎ ለፕሮግራሙ ሳያስተላልፍ ይቀራል። ጥቁሩ መግቢያ ላይ ሆነህ የአይባስ-ዴሞን ሂደቱን ግደለው። የመግቢያው ስክሪን ላይ ሌይአውቱ አማርኛ ሆኖ ፓስወርዱን አልቀበል ካለ ግን ያ ብልሽት አይደለም፤ ማዕዘኑ ላይ ያለውን የቋንቋ ምልክት ወደ እንግሊዝኛ መልስ።

ሰሌዳ፦

ከዚህ ርዕስ ጎን ለጎን ሁለት ነገር ልጨምር፤ ምልክታቸው ስለሚመሳሰል።

ዲስኩ የተመሰጠረ ሆኖ ኪቦርዱ የሚጠፋው የዲስኩ ፓስወርድ ሲጠየቅ ብቻ ከሆነና ከዚያ በኋላ ከሠራ፣ ድራይቨሩ ኢኒትራምኤፍኤስ (ዲስኩ ከመከፈቱ በፊት የሚጫነው ትንሽ ሲስተም) ውስጥ አልገባም። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ የሞጁሉ ስም /ኢቲሲ/ኢኒትራምኤፍኤስ-ቱልስ/ሞጁልስ ውስጥ ይጻፍና ሱዱ አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ ከነ -ዩ ይባላል። አርች ሊኑክስ ላይ ኪቦርድ የሚለው ሁክ አውቶዲቴክት ከሚለው በፊት ይቀመጥ።

ባዮስ ላይም የማይሠራ ኪቦርድ ግን የሊኑክስ አይደለም። አጥፋው፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጣ፣ የማብሪያውን ቁልፍ 30 ሰከንድ ያዝ። ብዙ ላፕቶፕ ላይ ኮንትሮለሩ በዚህ እንደ አዲስ ይጀምራል። ካልተመለሰ ሪባን ኬብሉ ነው የሚታየው፤ ላፕቶፑን ከፍተህ ኬብሉን ከመንካትህ በፊት ባትሪውን ከማዘርቦርዱ ንቀል፣ ማያያዣው ላይ ያለውን ቀጭን መቆለፊያ በጥፍር ቀስ ብለህ አንሳ፣ ኬብሉ ቀጥ ብሎ እስከ መጨረሻው መግባቱን አይተህ ቆልፍ። ጥቂት ቁልፎች ብቻ ከሞቱ ከኪቦርዱ ሥር ያለው መስመር ተቆርጧል፤ በረድፍና በዓምድ የተገናኙ ስለሆኑ ሰሌዳው ላይ የተራራቁ ፊደሎች አብረው ይጠፋሉ። ያኔ ነው ኪቦርድ የሚገዛው።

ጠያቂ፦

ባዮሱን አፕዴት አደረግሁ፤ ብቻውን ለውጥ አላመጣም። ከዚያ ችግር ካመጣው የሚበልጥ አዲስ ከርነል ጭኜ ያለ ምንም አማራጭ አስነሳሁ። ኦቨርራይድ የሚለው መስመር ዲሜሴጅ ውስጥ የለም፣ የኢንተራፕት 1 ቁጥር በእያንዳንዱ ቁልፍ ይጨምራል፣ ይህንንም የምጽፈው በላፕቶፑ ኪቦርድ ነው። አሮጌውን ከርነል በማኑዋል እንደጠበቅሁት ነው፤ አንድ ሁለት አፕዴት እስኪያልፍ አላነሳውም። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ከርነል_ቤት፦

ጥሩ። የቦርዱን ስምና የሠራበትን የከርነል ቁጥር እዚህ ብታስቀምጥ ያው ላፕቶፕ ያለው ሰው ፈልጎ ያገኘዋል። ተኝቶ ሲነሳም ሞክረው፤ ሲነሳ ሠርቶ ከእንቅልፍ ሲመለስ የሚጠፋ አለ፣ እሱ ከላይ የተጻፈው የሪኮኔክት ጉዳይ ነው።