ለ2 ጊጋ ራም ኮምፒውተር የትኛው ብሮውዘር ይሻላል?

ጥያቄ፦ ጅማ ሂርማታ አካባቢ ላለ የጽሕፈት አገልግሎት ሱቅ ነው። ኮር ቱ ዱዎ፣ 2 ጊጋ ራም፣ 32 ቢት ዊንዶውስ 7። ክሮም ላይ 4 ታብ ሲከፈት ቀጥ ይላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ገጽ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይላል። ፋየርፎክስ ይሻል ይሆን?

መልስ 1፦ አዎ፣ ግን በፍጥነቱ አይደለም። ክሮም ዊንዶውስ 7ን በፈረንጆቹ 2023 ትቶታል፤ 109ኛው ስሪት ላይ ቀርቷል። ለዊንዶውስ 7 የመጨረሻው ፋየርፎክስ 115 ኢኤስአር (ረጅም ጊዜ ድጋፍ የሚሰጠው ስሪት) ነው፣ እሱን ጫን። ቀጥ የሚለው ራም ሞልቶ ሥራው ወደ ሃርድ ዲስክ ስለሚዞር ነው፤ ይህ በሁለቱም ያው ነው። ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን የማስታወቂያ መከልከያ ጨምርበት፤ ማስታወቂያ መከልከል ብሮውዘር ከመቀየር የበለጠ ራም ያተርፋል። ሺፍትና ኢስኬፕ አብረህ ስትጫን የትኛው ታብ ራም እንደሚበላ ታያለህ።

መልስ 2፦ የመብራቱ ችግር ከብሮውዘሩ አይደለም። የማዘርቦርዱ ባትሪ (ሲአር 2032) አልቆ ቀኑ ወደኋላ ስለሚመለስ የድረ ገጹ ሰርተፊኬት (የማንነት ማረጋገጫው) ጊዜው ገና ያልጀመረ ይመስለዋል ብሮውዘሩ። ባትሪውን ቀይረህ ቀኑን በፈረንጆቹ ሙላ። አደራ፣ በእኛ ዓመተ ምህረት ከሞላኸው 7 ወይም 8 ዓመት ወደኋላ ይቀራል፣ ስህተቱም ይመለሳል።

መልስ 3፦ ራሙን 4 ጊጋ አድርገው፤ ከመግዛትህ በፊት የራሙ ዓይነት ዲዲአር2 ይሁን ዲዲአር3 የድሮውን አውጥተህ እይ፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ከዚያ 64 ቢት ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ቀለል ያለ ሲስተም) ብትጭን አዲሱን ፋየርፎክስ ታገኛለህ። ሱቁ በፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያው) የሚጽፍ ከሆነ ግን የዊንዶውስ ፕሮግራም ነውና ዊንዶውሱን አታጥፋው፤ ሚንቱን ጎን ለጎን ጫን።