የእናቴን አልማዝ ለእጮኛዬ ቀለበት ላሠራ ነው፤ የትኛው አቀማመጥ ይሻለኛል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

በቅርቡ ለፍቅረኛዬ የጋብቻ ጥያቄ ላቀርብላት አስቤያለሁ። አልማዙ በእጄ ነው። እናቴ ከራሷ ቀለበት ላይ አስነቅላ የሰጠችኝ ነው። የድሮው ቀለበት ሳስቶ ሊበጠስ ስለደረሰ አዲስ ማሠራት አለብኝ። ድንጋዩ ክብ ነው፣ 0.70 ካራት ይመዝናል። ነጭ ወረቀት ላይ ሳስቀምጠው ትንሽ ወደ ቢጫ ያደላል። ጠርዙ ላይ ደግሞ በማጉያ መነጽር ካልሆነ የማትታይ አንዲት ሽራፊ አለችበት።

ወርቅ ሠሪው «ድንጋዩን በምን አቀማመጥ ላስቀምጥልህ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ይኸው ሳምንት ሙሉ ፎቶ ሳገላብጥ ከረምኩ። አንዱ ጥፍር በሚባሉ ትናንሽ የወርቅ መያዣዎች ተይዞ ከፍ ብሎ የቆመ ነው። አንዱ ዙሪያውን በወርቅ የታቀፈ ነው። ሌላው በትናንሽ አልማዞች የተከበበ ነው። ሁሉም ያምራሉ።

የእኔ ልብ ያረፈው ስድስት ጥፍር ባለው፣ ከፍ ባለው ላይ ነው። ግን እሷ ነርስ ናት። በቀን ስንት ጊዜ ጓንት እንደምታጠልቅና እንደምታወልቅ እሷም አትቆጥረውም። አንድ ቀን የጓደኛዋን ቀለበት አይታ «ደስ ሲል! እኔ ጋ ግን አንድ ሳምንት አይቆይም» ስትል ሰምቻታለሁ። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ ወርቅ ሠሪ

ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። ሥራዬ ፈርጥ ማስቀመጥ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝምብህ ነው።

ልብህ ያረፈበት ቀለበት ዕድሜ ጠገብ ነው። ቲፋኒ የተባለው የአሜሪካ የጌጣጌጥ ኩባንያ ስድስት ጥፍር ያለውን ቀለበት ያወጣው በ1886 እ.ኤ.አ. ነው። ሐሳቡ ድንጋዩን ከቀለበቱ አካል በላይ አንስቶ ብርሃን ከየአቅጣጫው እንዲያገኘው ማድረግ ነበር። እስከ ዛሬ የሚወደደውም በዚሁ ነው። ከአራት ጥፍር ስድስት ይሻላል የምንለው ለውበቱ ብቻ አይደለም። ከአራቱ አንዱ ቢነሳ ድንጋዩ ወዲያው መንቀሳቀስ ይጀምራል። ከስድስቱ አንዱ ቢነሳ አምስቱ ይዘው ያቆዩታል፤ አንተም እስክታሠራው ጊዜ ታገኛለህ።

አሁን እጄ ምን እንደሚሠራ ልንገርህ። ጥፍር ያለው ሲሆን በእያንዳንዱ ጥፍር ውስጠኛ ጎን ላይ ትንሽ ጉድጓድ እቆፍራለሁ። የድንጋዩ ጠርዝ፣ እኛ ወገቡ የምንለው፣ እዚያ ይገባል። ከዚያ ጥፍሮቹን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ አጥፌ ጫፋቸውን አከባለሁ። የአንተ ድንጋይ ስፋቱ 5.7 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው የሚሆነው። ያን ሁሉ ይዞ የሚያቆየው ስድስት የእስክሪብቶ ጫፍ የምታህል ወርቅ ናት። እሷ ናት ከሹራብ፣ ከኪስና ከጓንት ጋር በየቀኑ የምትፋተገው።

ሁለተኛው ቤዝል ይባላል። እኔ ለደንበኞቼ «እቅፍ» እያልኩ ነው የማስረዳው። በድንጋዩ ልክ ክብ የወርቅ ግድግዳ ይሠራል። ድንጋዩ ውስጡ ይቀመጣል። ከዚያ ግድግዳውን መጀመሪያ ከላይ፣ ቀጥሎ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ እየገፋሁ አስተኛዋለሁ። በአንድ በኩል ብቻ ከገፋሁት ድንጋዩ ያጋድላል። በመጨረሻ የወርቁን ከንፈር ዙሪያውን አለሰልሰዋለሁ። ከዚያ በኋላ ጣትህን ብታስኬድበት የሚይዝህ ነገር አይኖርም።

ስለ ሽራፊዋ አደራ የምልህ ነገር አለ። አልማዝ በጥንካሬ መለኪያው 10 ነው፤ ከእሱ የሚበልጥ የለም ይባላል። እውነት ነው፣ ግን ይህ ስለ መጫር ነው። አልማዝ መጫርን አይፈራም፣ መመታትን ይፈራል። በተፈጥሮው ልክ እንደ እንጨት የሚሰነጠቅባቸው አራት አቅጣጫዎች አሉት። ቦታው ላይ የገጠመ ምት ጠርዙን ይሸርፈዋል። አንዴ የተሸረፈ ጠርዝ ደግሞ ለሁለተኛው ምት የተጋለጠ ነው። ሽራፊዋን በአንድ ጥፍር ሥር መደበቅ ይቻላል፤ ብዙዎች ያደርጉታል። ግን ጥፍሩ ሲታጠፍ የሚያርፈው ያው ደካማው ቦታ ላይ ነው። በእቅፍ ከሆነ ግፊቱ ዙሪያውን ይከፋፈላል፣ ሽራፊዋም ከንፈሩ ሥር ትገባለች። እኔ ብሆን ይህን ድንጋይ ለነርስ እጅ በእቅፍ ነበር የማስቀምጠው።

መልስ፦ አንዲት እህት

እኔ በደረሰብኝ ልጀምር። ቀለበቴ አራት ጥፍር ነበር። አንዱ ጥፍር የሹራቤን ክር መያዝ ጀመረ። ሁለት ወር ሙሉ ክሩን እየፈታሁ ዝም አልኩ። አንድ ቀን ምሽት ፊቴን ልታጠብ ስል ጉንጬን አንድ ነገር ቧጠጠኝ። ቀለበቴን ባየው ጥፍሮቹ ባዶ ቆመዋል፤ ድንጋዩ የለም። ቤቱን በሙሉ ጠረግኩ፣ የመታጠቢያውን ቧንቧ አስፈታሁ። አልተገኘም።

ወንድሜ፣ በጥፍር ካሠራኸው ይህን ንገራት። ክር መያዝ ከጀመረ ያንኑ ቀን ታውልቀው። ሌላው ደግሞ ቀለበቱን ጆሮ አጠገብ አድርጎ በጣት መታ መታ ማድረግ ነው። ልል የሆነ ድንጋይ ይንቀጫቀጫል፤ ይሰማል። በየስድስት ወሩ ደግሞ ባለሙያ ይየው። ይህን ባውቅ ኖሮ ድንጋዬ ዛሬም ጣቴ ላይ ነበር።

መልስ፦ ሌላ አባል

እኔ ግን በእቅፉ አልስማማም። አልማዝ የሚወደደው ለብርሃኑ አይደል? ዙሪያውን በወርቅ ከደፈኑት ብርሃን በየት ይገባል? በዚያ ላይ ድንጋዩ ትንሽ ሆኖ ይታያል። ወንድማችን ልቡ ስድስት ጥፍር ላይ ካረፈ ለምን እናስለውጠዋለን?

መልስ፦ ወርቅ ሠሪ

ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ይፈራል። በደንብ የተቆረጠ ክብ አልማዝ ብርሃኑን በዋናነት የሚቀበለው ከአናቱ ነው። ብርሃኑ ከገባ በኋላ የውስጡን ግድግዳ ከ24 ዲግሪ በላይ አጋድሎ ከመታው ወደ ውጭ አያልፍም። እንደ መስታወት ይነጥርና በመጣበት በአናቱ በኩል ይመለሳል። ስለዚህ ጎኑን መሸፈን የምትፈራውን ያህል አያጨልመውም። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታያቸው ጥፍር ያለው ትንሽ ይበልጣል፤ ይህን አልክድም። በመጠንም ጠርዙን ጥቂት ይበላበታል፤ ከንፈሩ በቀጠነ ቁጥር ግን ልዩነቱ ይጠባል።

አልማዝን በእውነት የሚያጨልመው ቅባት ነው። አልማዝ ቅባት ይወዳል፤ ይስበዋል። የእጅ ክሬምና ሳሙና ከሆዱ ሥር ሲለጠፍ ይነጥር የነበረው ብርሃን በዚያ በኩል ሾልኮ ይጠፋል። ስለዚህ እቅፍ ስታሠራ ከሥሩ ክፍት ይሁን በል። ክፍት ከሆነ ለብ ባለ ውሃ፣ በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ከታች ይጸዳል። ከሥሩ የተደፈነ እቅፍ እኔ አልመክርም።

መሀለኛ መንገድም አለ። ግማሽ እቅፍ ይባላል። ወርቁ በሁለት ጎን ብቻ ይይዘዋል፤ ሁለቱ ጎን ክፍት ይቀራል። ለአንተ ግን ሽራፊዋ በተያዘው በኩል መግባቷን አረጋግጥ። ክፍቱ ላይ ከወደቀች ልፋቱ ከንቱ ነው።

መልስ፦ ነርስ

የሙያ አጋሬን ስለምታገባ ደስ ብሎኛል! አንድ ማንም ያላነሳው ነገር ልጨምር።

በብዙ ሆስፒታል ድንጋይ ያለው ቀለበት በሥራ ሰዓት አይፈቀድም፤ ቢፈቀድም አይመከርም። ምክንያቱ ጓንት መቅደዱ ብቻ አይደለም። ከድንጋዩ ሥርና ከጥፍሮቹ መሀል ቆሻሻ ይቀመጣል። እጅ ስንታጠብ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ እሷም ስትገባ ታወልቀው ይሆናል። ጥያቄው አውልቃ የት ታስቀምጠዋለች የሚለው ነው። የጋውን ኪስ ውስጥ የገባ ቀለበት ከጋውኑ ጋር ይታጠባል። እኔ የእኔን በጠንካራ ሰንሰለት አንገቴ ላይ፣ ከልብሴ ሥር አደርገዋለሁ። አንድ ሰንሰለት አብረህ ብትሰጣት እመነኝ፣ ገብቶህ እንዳሰብክላት ታውቃለች።

እቅፉ ግን አሁንም ይሻላታል። ከሥራ ውጭም ቢሆን እጃችን አያርፍም።

መልስ፦ ሌላ አባል

ትናንሽ አልማዞች ስለከበቡት አጭር ነገር። ሃሎ ይባላል። መሀለኛውን ድንጋይ ትልቅ ያስመስለዋል፤ በጣም ያምራል። እኔ አለኝ፤ እወደዋለሁ። ግን ትናንሾቹ እያንዳንዳቸው የሚያዙት በጣም ደቃቅ በሆነች የወርቅ ጠብታ ነው። ከእኔ ላይ ሁለቴ ረግፈዋል። የቀለበቱ አካልም በትናንሽ ድንጋይ ከተሸፈነ ጣት ሲወፍር ወይም ሲከሳ ማስፋትና ማጥበብ ያስቸግራል። በማሽን ንዝረት ማጽዳትም ያላላቸዋል። ለእሷ ሥራ አልመርጠውም።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእህታችንን ታሪክ ሳነብ ልቤ ደነገጠ። ይህ ድንጋይ የእናቴ ነው፤ ቢጠፋ የምተካው አይደለም።

ወደ እቅፉ አዘንብያለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ቢጫ ወርቅ ወይስ ነጭ? ሁለተኛ፣ በሠርጉ ቀን የሚጨመረው ሌላው ቀለበት ከዚህ ጋር ይገጥማል?

መልስ፦ ወርቅ ሠሪ

ለአንተ ድንጋይ ቢጫ ወርቅ። ወደ ቢጫ ያደላ ድንጋይ በነጭ ወርቅ ሲታቀፍ ቢጫነቱ ጎልቶ ይወጣል፤ ዓይን ያወዳድረዋልና። በቢጫ ወርቅ ውስጥ ግን ያው ቀለም ሞቅ ያለና የታሰበበት ይመስላል። ነጭ ወርቅ በአብዛኛው ላዩ ሮዲየም በሚባል ነጭ ብረት የተቀባ ነው። ሲለበስ ይነሳል፣ በየጊዜው እንደገና ይቀባል። የእሷ እጅ ከውሃና ከሳሙና ስለማይለይ ይህም ይታሰብበት። ክሎሪን ያለበት ማጽጃ ደግሞ ለየትኛውም ወርቅ ጥሩ አይደለም፤ ከመንካቷ በፊት ታውልቀው።

የወርቅ ካራት እንደ ድንጋዩ ክብደት ሳይሆን የንጽሕና መለኪያ ነው፤ 18 ካራት ከሆነ 75 በመቶው ንጹሕ ወርቅ ነው። 14 ካራት 58.5 በመቶ ነው፤ ቀለሙ ፈዘዝ ይላል፣ ግን ይጠነክራል። ለእቅፍ ሁለቱም ይሆናሉ።

ሁለተኛው ጥያቄህን ብዙ ሰው ረስቶት በኋላ ይቆጨዋል። እቅፍ ዝቅ ብሎ ከተሠራ ግድግዳው ከቀለበቱ አካል ወደ ጎን ወጣ ይላል። ቀጥ ያለ ሁለተኛ ቀለበት አጠገቡ ሲደረግ መሀላቸው ክፍተት ይቀራል። ስለዚህ ሠሪውን «ሌላ ቀለበት ከሥሩ እንዲገባ ትንሽ ከፍ አድርግልኝ» በለው። ከፍታው ከጓንት ጋር እንዳይጣላ ደግሞ አታብዛው። ወርቅ ከመቅለጡ በፊት በሰም ሠርቶ ቢያሳይህ በጣም ጥሩ ነው። ሰሙን አንድ ተራ ቀለበት አጠገብ አስቀምጠህ ታየዋለህ።

መልስ፦ ሌላ አባል

ድንጋዩን ከማስረከብህ በፊት እዚያው ፊትህ ይመዘን። ክብደቱና ስፋቱ ይጻፍ። ሽራፊዋ በማጉያ መነጽር ፎቶ ትነሳ። ሲመለስልህም በዚያው ፎቶ ታመሳክራለህ። «ስታስቀምጠው ቢሰነጠቅ ኃላፊነቱ የማን ነው?» ብለህ አስቀድመህ ጠይቅ፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። ጥሩ ባለሙያ በዚህ ቅር አይለውም።

ጠያቂው

ዛሬ ሄጄ ነበር። ቢጫ ወርቅ፣ 18 ካራት፣ ሙሉ እቅፍ፣ ከሥሩ ክፍት። ከንፈሩ በተቻለ መጠን ቀጭን እንዲሆን ተስማምተናል። ድንጋዩ ተመዝኖ ሽራፊዋም ፎቶ ተነስታለች። የሰሙን ሞዴል በሚቀጥለው ሳምንት ያሳየኛል። ሰንሰለቱንም አዝዣለሁ። የቀረኝ የጣቷ ልክ ነው። በሌላ ጣቷ የምታደርገው ቀለበት አለ፣ እሱን ልውሰድ?

መልስ፦ ወርቅ ሠሪ

የሌላ ጣት ቀለበት አያስተማምንም፤ የግራና የቀኝ እጅ እንኳ ይለያያል። እህት ወይም የቅርብ ጓደኛ ካላት በጨዋታ መሀል በመለኪያ ቀለበት ትለካልህ። ጠዋት በብርድ አይሁን፤ ጣት ያኔ ይቀጥናል። ሞቅ ባለ ሰዓት ከሰዓት በኋላ ይሻላል። ካልተሳካ ትንሽ ሰፋ አድርገህ አሠራውና በኋላ አምጥታ ታስጠብበዋለች። አካሉ ላይ ድንጋይ ስለሌለው አያስቸግርም።

መልስ፦ ነርስ

እሺ ስትልህ መጥተህ ንገረን።