ለማስገር የሚዘጋ የሪፍ ክልልና የጎብኚ ክፍያ፦ ማን ይወስን፣ ገንዘቡንስ ማን ይያዝ?

ሞገድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የባሕር ጠረፍ መንደር ፊት ለፊት ካለው የኮራል ሪፍ (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ከውኃ በታች የሠሩት አለት መሰል ግንብ) የተወሰነውን ለማስገር ሙሉ በሙሉ ዘግቶ፣ ለመጥለቅ ከሚመጡ ጎብኚዎች ክፍያ ለመሰብሰብ የተዘጋጀ ረቂቅ ዕቅድ አለ። የዓሣውና የኮራሉ ጥናት በርካታ ገጾች ይዟል። ስለ ሰዉ የተጻፈው ግን አንድ አንቀጽ ሲሆን "የአካባቢው ማኅበረሰብ ተጠቃሚ ይሆናል" ብሎ ያበቃል። አስጋሪዎቹ ስብሰባው ላይ ዝም ብለው አዳምጠው ከወጡ በኋላ ተቃወሙ። የምታውቁ ሰዎች በእነዚህ ላይ ብትጽፉ፦ ክልሉን የሚዘጋው ማን ቢሆን ይሻላል? ክፍያው የት ይቀመጥ፣ ለማንስ ይድረስ? ገቢው እስኪመጣ አስጋሪው በምን ይኑር? ጎብኚውስ ስንት ሲደርስ በዛ ይባላል?

መልሕቅ፦
ስብሰባው የተጠራው መስመሩ ካርታ ላይ ከተሰመረ በኋላ ከሆነ ዝምታቸው አይገርምም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሆነው፤ ጯሂው ግን አስጋሪው ሳይሆን ዕቅዱን ያዘጋጀው አማካሪ ነው።

መስመር የሌለበት ባዶ ካርታ ወይም ከአየር የተነሳ ፎቶ በትልቁ ታትሞ ይወሰድ። ከዚያ መንጠቆ የሚጥለው፣ መረብ የሚዘረጋው፣ ወጥመድ የሚያስቀምጠው፣ ሌሊት የሚጠልቀው እያንዳንዱ ለብቻው ተቀምጦ የት፣ በየትኛው ወር፣ በየትኛው የጨረቃ ዕድሜ እንደሚያሰግር ይሳል። ሁሉም ባንድ ላይ ከተሰበሰቡ የሚናገረው ባለ ጀልባው ብቻ ነው፤ ካርታውም የባለ ጀልባዎች ካርታ ሆኖ ይወጣል። ሴቶች ውኃው ሲሸሽ በእግራቸው እየሄዱ የሚለቅሙትን ቀንድ አውጣና ኦክቶፐስ "ማስገር" ብሎ የሚቆጥር ባለሙያ ጥቂት ነው። ችግሩ ደግሞ አቃጆች የሚመርጡት ያንኑ ጥልቀት የሌለውን የሪፍ ሜዳ መሆኑ ነው፤ ለመንደሩ ቅርብ ስለሆነ ለጥበቃ ይመቻል። ስለዚህ መዘጋቱ መጀመሪያ የሚመታው ጀልባ የሌለውን ቤተሰብ ነው።

ሥራው ባሕሩ ጸጥ በሚልበትም ነፋስ በሚበረታበትም ወቅት ይደገም። በጸጥታው ወራት ማንም የማይደርስበት የተከለለ ጥግ፣ ነፋስ ሲነሳና ጀልባ ወደ ሩቅ መውጣት ሲያቅተው የመንደሩ ብቸኛ ጎተራ ሊሆን ይችላል።

ማን ይዝጋ ለሚለው የፊሊፒንስን ሁለት ደሴቶች ማነጻጸር ይበቃል። ሱሚሎን በ1974 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሲሊማን ዩኒቨርሲቲና በማዘጋጃ ቤት ስምምነት ተዘጋ። በ1984 የአካባቢው ፖለቲካ ሲለወጥ ጥበቃው ፈረሰ፤ በዙሪያው ይሰገር የነበረው ዓሣም በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። አፖ ደሴት ላይ ያው ሲሊማን ዩኒቨርሲቲ ቢኖርም በ1982 ጠባቂዎቹ የደሴቱ ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። የዘጉትም ከሪፉ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው፤ በተቀረው ላይ ዲናማይትንና መርዝን ከልክለው መንጠቆውን ፈቀዱ። የአፖ ጥበቃ ቆየ።

ነፋስ_ስልክ፦
በመልሕቅ ሐሳብ በከፊል ብቻ እስማማለሁ። የመንደር ደንብ የመንደሩን ሰው ያስራል፤ ከሌላ ወደብ የመጣን ትልቅ መረብ ጎታች መርከብ አያስርም። ደንቡን የሚያውቅለት ሕግ ከሌለ ጠባቂው መርከብ አስቁሞ መረብ ቢወስድ ዘራፊ ተብሎ የሚከሰሰው እሱ ነው። ስለዚህ የሚሻለው መንደሩ ይወስናል፣ መንግሥት በጽሑፍ ያጸድቃል። የሰነዱ ሦስት ነገሮች በማያሻማ ቋንቋ ይጻፉ፦ የክልሉ ማዕዘኖች በጂፒኤስ ነጥብ፣ ቅጣት የመጣል ሥልጣን የማን እንደሆነ፣ የቅጣቱ ገንዘብ ወዴት እንደሚገባ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ጥበቃውን የሚገድለውም እሱ ነው።

መንግሥት ብቻውን ሲዘጋ ምን እንደሚመስል በሕንድ ውቅያኖስ ካሉት የቻጎስ ደሴቶች ይታያል። የደሴቶቹ ነዋሪዎች እስከ 1973 ድረስ ተነቅለው ነበር። ብሪታንያ በ2010 አካባቢውን ግዙፍ የባሕር ጥብቅ ክልል አድርጋ አወጀችው፤ በ2015 ዓለም አቀፍ የግልግል ጉባኤ አዋጁ ደሴቶቹ ይገቡኛል የምትለዋን የሞሪሸስን መብት ሳያከብር የወጣ መሆኑን በይኗል። ኮራሉን መጠበቅና ሰዎች እንዳይመለሱ መከልከል በአንድ ወረቀት ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ አስጋሪዎች ሲጠራጠሩ ያለ ምክንያት አይደለም።

ጨው_ውኃ፦
እኔ ስለ ገንዘቡ ብቻ ልጻፍ።

ክፍያው ወደ መንግሥት ጠቅላላ ካዝና የሚገባ ከሆነ ለጠባቂው ጀልባ ነዳጅ ሆኖ እስኪመለስ ወራት ይፈጃል። አፖም ከ1994 ጀምሮ በብሔራዊ የጥብቅ ክልሎች ሥርዓት ሥር ሲገባ ገቢው በማዕከል በኩል መዞር ጀመረ፤ ለደሴቱ የሚገባው ድርሻ መዘግየቱ የቆየ ቅሬታ ነው። ቦኔር የተባለው የካሪቢያን ደሴት የባሕር ፓርክ ያቋቋመው በ1979 ነው፤ የመነሻው ዕርዳታ ሲያልቅ በ80ዎቹ አጋማሽ ፓርኩ በወረቀት ላይ ብቻ ቀረ። በ1992 ከእያንዳንዱ ጠላቂ በዓመት 10 ዶላር መሰብሰብ ሲጀመር፣ ገንዘቡም በቀጥታ ለሚያስተዳድረው ድርጅት ሲገባ ነው ነፍስ የዘራው። ያን ጊዜ ጠላቂው ሲከፍል ምልክት ይሰጠው ነበር፤ ያለ ምልክት የጠለቀም ወዲያው ይታወቅ ነበር።

ስለዚህ በሕግ ለዚህ ሥራ ብቻ የተለየ የባንክ ሒሳብ ይኑር፤ ፈራሚዎቹ ሦስት ሆነው አንዷ ከለቃሚዎቹ ሴቶች ትሁን፤ ገንዘብ ለማውጣት ሁለት ፊርማ ይበቃል። ትኬቱ ተከታታይ ቁጥር ያለው ይሁን፤ በየወሩ መጨረሻ የተሸጠው ቁጥርና የገባው ብር ዓሣ በሚራገፍበት ቦታ ይለጠፍ። ሌብነቱ የሚጀምረው ጀልባ ነጂው ቱሪስቱን "ያለ ትኬት በግማሽ ዋጋ" ሲል ነው። ክፍያው አስጎብኚ ድርጅቱ በሚሸጠው ዋጋ ውስጥ ሲካተት ይህ ይቀንሳል። የፓሲፊክ ደሴት አገር የሆነችው ፓላው ከ2018 ጀምሮ የ100 ዶላሩን የአካባቢ ክፍያ በአውሮፕላን ትኬት ውስጥ ያስገባችው በዚሁ ስሌት ነው።

ክፍፍሉን በተመለከተ መጀመሪያ የጥበቃው ወጪ ይቀነስ (ነዳጅ፣ የጠባቂ ደመወዝ፣ የጀልባ ማሰሪያ ጥገና)፤ የቀረው ይከፋፈል። ጠቅላላው ገቢ በመቶኛ ከተከፋፈለ ቱሪስት በጠፋበት ዓመት የመጀመሪያው ተጎጂ ጥበቃው ይሆናል። ድርሻው ሁሉ ለጉድጓድ ውኃና ለትምህርት ቤት ጣሪያ ሲውል ደግሞ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ዓሣ የቀረበት ሰውና ያልቀረበት ሰው እኩል ያገኛሉ። ስለዚህ ሁለት ማሰሮ ይሻላል፤ አንዱ ለሁሉም፣ አንዱ የማስገሪያ ቦታው ለተዘጋበት።

ኦስሎብ (ሱሚሎን የሚገኝበት ያው ከተማ ነው) ከ2011 ማብቂያ ጀምሮ ዌል ሻርክ (ግዙፍ የሻርክ ዓይነት) እየመገበ ቱሪስት ያስጎበኛል። ከገቢው 60 በመቶው ለአስጋሪዎቹ ማኅበር፣ 30 ለማዘጋጃ ቤቱ፣ 10 ለቀበሌው ነው። ገንዘቡ በእርግጥ አስጋሪው እጅ ገብቷል። ነገር ግን ሻርኮቹ ለምግቡ ሲሉ ከልማዳቸው ውጭ ረዘም ያለ ጊዜ ይቆያሉ፣ ወደ ጀልባ መጠጋትንም ይለምዳሉ። ፍትሐዊ ክፍፍል ሥራውን ለእንስሳው ደህና አያደርገውም።

ኮከብ_ዓሣ፦
"እስኪመጣ በምን ይኑር" የሚለው ከሁሉም ከባዱ ጥያቄ ነው። ጎብኚ የሚስብ ትልቅ ዓሣ፣ ለምሳሌ ግሩፐር፣ ለመብዛት ዓመታት ይፈልጋል። አስጋሪው ግን ገቢው የሚቆመው በተዘጋበት ቀን ነው። የአውስትራሊያ መንግሥት በ2004 በታላቁ ባሪየር ሪፍ ማስገር የሚከለከልበትን ክፍል ከ5 በመቶ በታች ወደ 33 በመቶ ሲያሳድግ ለተጎዱ የተከፈለው መጀመሪያ ከተገመተው እጅግ አልፎ ከ200 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ሆነ። አብዛኛው መንደር ያንን የሚከፍልለት የለም።

ለዚህ ነው ብዙዎች በጊዜያዊ መዝጊያ የሚጀምሩት። በደቡብ ምዕራብ ማዳጋስካር አንዳቫዱዋካ አጠገብ በ2004 አንድ የኦክቶፐስ ቦታ ለ7 ወር ተዘጋ። ኦክቶፐስ በወራት ውስጥ በፍጥነት ስለሚከብድ ውጤቱ ሲከፈት በዓይን ታየ፤ ሌሎች መንደሮችም ተከተሉ፤ በ2006 ቬሎንድሪያኬ የተባለ ሰፊ በራስ የሚተዳደር ክልል ተመሠረተ። የሚበላሸው የመክፈቻው ቀን ነው። ወሬው ከተሰማ ጎረቤት መንደር ሁሉ ይመጣል፣ በወራት የተጠራቀመው በሁለት ቀን ያልቃል፣ ረግጠውም ኮራል ይሰብራሉ። ስለዚህ ቀኑ ከጎረቤቶቹ ጋር አስቀድሞ ይስማሙበት፣ ገዢው ዋጋውን ከመክፈቻው በፊት ይቁረጥ፣ ከተወሰነ ክብደት በታች ያለውን አልገዛም ይበል። እኔ ብሆን ቋሚውን መዝጊያ ከዚህ አንድ ሁለት ዙር በኋላ ነው የማነሳው።

የቱሪዝም ገቢ ለምግብ ምትክ ነው ብሎ ቃል መግባትም አያስኬድም። በ2020 ድንበር ሲዘጋ ጎብኚ ላይ ብቻ የቆሙ ቦታዎች ጠባቂዎቻቸውን መክፈል አቃታቸው። የጎብኚው ገቢ ጥበቃውን ይሸፍን፤ እራት ከባሕሩ ይምጣ።

መልሕቅ፦
ለመጨረሻው ጥያቄ፦ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ልክ ለአንድ የመጥለቂያ ቦታ በዓመት ከ4,000 እስከ 6,000 ጊዜ መጥለቅ ነው፤ ከቦኔር ጥናት የመጣ ነው። ኮራሉ ቅርንጫፋማና ተሰባሪ ከሆነ፣ ጎብኚውም ጀማሪ ከሆነ ከዚያ በታች ይያዝ። አንድ አስጎብኚ ለስንት ጠላቂ የሚለው ከጠቅላላ ቁጥሩ ይልቅ ለውጥ ያመጣል፤ ከአራት በላይ ሲሆኑ የኋለኞቹ የእግር መቅዘፊያ ኮራል ሲመታ ማንም አያይም።

ከጠላቂው በላይ የሚያበላሸው የጀልባ መልሕቅ ነው። በምትኩ ጀልባው የሚታሰርበት ቋሚ ማሰሪያ የሚተከለው በጠንካራ አለት ላይ ሲሆን 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የማይዝግ ብረት በተበሳ ቀዳዳ ውስጥ በሲሚንቶ ይጣበቃል፤ አሸዋ ላይ ከሆነ እየተጠመዘዘ የሚገባ ብረት ይሻላል። የሲሚንቶ ብሎክና ሰንሰለት ርካሽ ነው፤ ግን ሰንሰለቱ ወለሉን እየጠረገ ክብ ያወጣል፣ በማዕበል ጊዜም ብሎኩ ራሱ ይጎተታል። በእያንዳንዱ ማሰሪያ ላይ የሚታሰረው የጀልባ ርዝመት ተጽፎ ይለጠፍ። ገመዱ በሚፈገፈግበት ቦታ በየወሩ ይታይ፣ በዓመት ይለወጥ። ይህን ሥራ ከዋና ከተማ የሚመጣ ኩባንያ ከሚሠራው ከአስጋሪዎቹ መካከል ሁለት ሦስት ጠላቂ ሠልጥነው በደመወዝ ቢሠሩት ይሻላል፤ ገመዱ ላይ የሚታሰረውን ጀልባ በስም ያውቁታል።

ሞገድ፦
አመሰግናለሁ። ረቂቁ ወደ ካርታው ደረጃ ይመለሳል። አንድ የቀረኝ፦ አስተዳዳሪው በምርጫ ቢቀየርስ?

ነፋስ_ስልክ፦
ሱሚሎን ላይ የሆነው እሱ ነው። ደንቡ በምክር ቤት ድምፅ የጸደቀ እንጂ በአንድ ሰው ደብዳቤ የወጣ አይሁን፤ ለመሻርም ያው ምክር ቤት በግልጽ ስብሰባ እንዲወስን፣ ከዚያ በፊትም የአስጋሪዎች ማኅበር አስተያየቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ የሚያስገድድ አንቀጽ ይግባ። ሒሳቡም በማዘጋጃ ቤቱ ስም ሳይሆን በማኅበሩና በማዘጋጃ ቤቱ በጋራ ይከፈት። አዲሱ አስተዳዳሪ መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው።