ሐሳብ የማነብ አማተር ነኝ፤ «አዋቂ» እንዳልባል ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ከአዳማ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ስሆን፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ ሐሳብ የማንበብ ትርኢት የማሳይና አሮጌ የመጫወቻ ካርታዎችን፣ የምትሃት ዕቃዎችንም የምሰበስብ አማተር ነኝ። በልደትና በሠርግ መልስ ላይ አንድ ሰው ጽፎ ያጠፈውን ስም ስናገር እልልታው ይደምቃል፤ ችግሩ የሚመጣው ከትርኢቱ በኋላ ነው። በቅርቡ የሰፈራችን እናት የወርቅ ሐብላቸው ጠፍቶባቸው ቡና አስፈልተው አስጠሩኝና «ልጄ፣ አንተ ታውቃለህ፤ ሠራተኛዋ ናት አይደል?» አሉኝ። አስቀድሜ «ይህ ጥበብ እንጂ መንፈስ አይደለም» ብል ጨዋታው ይበርድብኛል ብዬ እሰጋለሁ። እናንተ እንዴት ትይዙታላችሁ?

መልስ (ከሐዋሳ)፦
ወንድሜ፣ እኒያ እናት የሠራተኛዋን ነገር ራሳቸው ማንሳታቸውን ልብ ይበሉልኝ፤ የፈለጉት ማረጋገጫ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ስሙ የገነነው አሜሪካዊው ዋሽንግተን ኧርቪንግ ቢሾፕ ዓይኑን ተሸፍኖ፣ ዕቃ የደበቀውን ሰው እጅ ይዞ፣ የተደበቀውን ያወጣ ነበር። ነገሩ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ካርፐንተር በ1852 እ.ኤ.አ. ካስረዳው ጋር ይገናኛል፦ ሰው አንድን ነገር አጥብቆ ሲያስብ ጡንቻው ሳይታወቀው ወደዚያው ያደላል፤ ትክክለኛውን አቅጣጫ ሲይዙ እጁ ይላላል፣ ሲስቱ ይገትራል። እንግዲህ የእኒያን እናት እጅ ይዘው ቢዞሩ የሚደርሱት ሐብሉ ዘንድ ሳይሆን የጠረጠሯት ልጅ ዘንድ ነው። የቀድሞው የእኛ ሌባሻይም፣ ብላቴናን የሚያደነዝዝ ነገር አጠጥተው የወደቀበትን ቤት ባለቤት ሌባ የሚሉበት ማለቴ ነው፣ ከዚህ ብዙ የራቀ አይመስለኝም። ይህንኑ ቁጭ ብለው ለሴትየዋ ያስረዷቸው፤ የልጅቷ እንጀራ ነው በእርስዎ አፍ ላይ የተንጠለጠለው።

እኔ ስጀምር «የማሳያችሁ የተለማመድኩትን ነው፤ የጠፋ አላገኝም፣ የነገንም አላውቅም» እላለሁ። አይበርድም፤ እንዲያውም ሊያጋልጠኝ የፈለገ ሁሉ ዓይኑን ከእጄ አይነቅልም።

ሌላ መልስ (ሥነ ልቡና አስተማሪ፣ አዳማ)፦
ከላይ የተባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በ1948 እ.ኤ.አ. በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ መምህር ለ39 ተማሪዎቹ «የየራሳችሁ ጠባይ ትንታኔ» ብሎ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጽሑፍ አደላቸው፤ ትክክለኛነቱን ከ5 በአማካይ 4.3 ገደማ ሰጡት። ዓረፍተ ነገሮቹን የለቀመው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር። ስለዚህ በመግቢያዎ ቢያስጠነቅቁም፣ የሰው ጠባይ መናገር ከጀመሩ ማመናቸው አይቀርም፤ ያን ክፍል ከትርኢትዎ ቢያወጡት ይሻላል።

ሌላ መልስ (ሰብሳቢ)፦
ስብስብዎን ለምን ወደ አደባባይ አያወጡትም? ሐሰተኛ መንፈስ ጠሪዎችን ሲያጋልጥ የኖረው ዝነኛው ምትሃተኛ ሁዲኒ በ1926 እ.ኤ.አ. ሲሞት 4,000 የሚጠጉ መጻሕፍቱን ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነው የተወው። እርስዎም አሠራራቸውን ሳይገልጡ ጥቂት ዕቃዎችን በር ላይ ይደርድሩ፤ በመገላበጥ ብዛት ጠርዙ የጠቆረና ማዕዘኑ የላላ ካርታ ያየ ሰው፣ ነገሩ የልምምድ እንጂ የጋኔን አለመሆኑ ይገባዋል። ብቻ የአዳማ ፀሐይ ቀለም ይበላልና ከመስኮት ያርቋቸው፤ በላስቲክም አይሰሯቸው፣ በሙቀቱ ቀልጦ ከጀርባቸው ይጣበቃል።