«መውደቅ ማስተማር» ያናደደን ሰዎች

የማራኪ ልጅ፦ በሰፈራችን ስብሰባ የተባለው እስካሁን ያንገበግበኛል። የአዳራሹ የቅዳሜ ጠዋት ሰዓት ከጃፓን ለመጣው የትግል ጥበብ ለአይኪዶ ይሰጥ ወይስ ለቴኳንዶ ሲባል አንድ ሰው ተነስቶ «የጎንደርን ልጅ መውደቅ ማስተማር ምን ይጠቅማል?» አለ። ቤቱ አጨበጨበለት። እኔ አይኪዶን የወደድኩት በዚሁ በመውደቁ ነው። መጀመሪያ የምንማረው ኡኬሚ ነው። አገጭን ወደ ደረት ሰብስቦ መንከባለል፣ ወዲያው መነሳት። መውደቅ የማይፈራ ልጅ ሲገፉት አይደነግጥም። ያልደነገጠ ደግሞ ለቡጢ አይቸኩልም።

የቴኳንዶ አሰልጣኝ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እደግመዋለሁ። ቴኳንዶ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኦሎምፒክ ሜዳሊያ የሚያስገኝ ስፖርት ነው። ልጁ ያሸንፋል፣ ይሸነፋል፣ ልኩን ያውቃል። እናንተ ጋ ማን አሸነፈ? ተስማምቶ መውደቅ ነው።

አራዳ፦ «ተስማምቶ መውደቅ» ያልከው ላይ እውነት አለ። አጥቂ ሆኖ የሚመጣው ልጅ ያለ ጉልበት እጁን ሲሰጥ እኔም አይቻለሁ። ያ ግን የአሰልጣኝ ቸልተኝነት ነው። አጥቂው ከልቡ ካልመጣ ማንም ምንም አይማርም። ውድድር ጭራሽ የለም ማለትም ልክ አይደለም። የመሥራቹ ተማሪ የነበሩት ኬንጂ ቶሚኪ ውድድር ያለው አይኪዶ ጀምረዋል። መሥራቹ ሞሪሄ ኡሺባ ራሳቸው ግን ውድድርን አልተቀበሉም።

የቴኳንዶ አሰልጣኝ፦ የገዛ ተማሪያቸው ውድድር ያስፈለገው ለምን ይመስልሃል? ተስማምቶ መውደቅ ስላልበቃው ነዋ!

የአዘዞ እናት፦ የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ልጄ ሥልጠና ሲጀመር ለአንድ ሽማግሌ ፎቶ ጎንበስ እንላለን አለችኝ። ማተብ ያሰረች ልጅ ናት። ይሄ ምንድን ነው?

የማራኪ ልጅ፦ እትዬ፣ ፎቶው የኡሺባ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. ያረፉ ሰው ናቸው። የጃፓኖች የአክብሮት ሰላምታ ነው እንጂ አምልኮ አይደለም። ቴኳንዶም ላይ ጎንበስ ይባላል።

የቴኳንዶ አሰልጣኝ፦ እኛን አታስገባን። እኛ ጎንበስ የምንለው ቆሞ ለሚያስተምረን ሰው ነው። ኡሺባ ኦሞቶ የሚባል ሃይማኖት ተከታይ እንደነበሩ ለምን አትነግራቸውም?

የማራኪ ልጅ፦ ነበሩ። አይኪዶ ለመሥራት ግን የእሳቸውን እምነት መያዝ አያስፈልግም። እትዬ፣ ሕሊናዎ ካልፈቀደ ልጅዎ በዚያች ደቂቃ ቆማ ትጠብቅ።

የአዘዞ እናት፦ ይሄን አሰልጣኛችሁ ራሱ በወላጆች ፊት ይበልልኝ። ያኔ አምናለሁ።

ፒያሳ፦ ለመሆኑ ትዕግስት ከጃፓን ነው የሚመጣው? አባቶቻችን ሽማግሌ ልከው ስንት ደም አድርቀዋል።

አራዳ፦ ወንድሜ፣ ሽማግሌ የሚላከው ደሙ ከፈሰሰ በኋላ ነው። ማታ ግሮሰሪ በር ላይ «ወንድ ከሆንክ ና ውጣ» ሲባል ሽማግሌ አጠገብህ የለም። ትከሻህ ይወጠራል፣ ትንፋሽህ ያጥራል። አይኪዶ የሚያሠራህ እዚያ ላይ ነው። እጅህን ሲይዙህ አትጎትት። ዞረህ ከጎኑ ቁም፣ እሱ የሚያየውን እይ። ቴንካን ይባላል። ይሄን ደጋግሞ የሠራ ሰውነት ስድብ ሲመጣም ቶሎ አይደነብርም። በራሴ ያየሁትን ነው የምነግርህ። ስለ አማራ ባህል የጻፉት አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን እኮ ለዓመታት አይኪዶ የሠሩ ሰው ነበሩ። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የግጭትን ጥናት ከአይኪዶ ጋር አያይዘው አስተምረዋል። ሐዋሳም የአይኪዶ ወጣቶች አሉ።

ፒያሳ፦ ሐዋሳ ሐዋሳ ነው። እዚህ ሽለላና ፉከራ እየሰማ ያደገ ልጅ ነው ያለው። ሲነኩት ዞሮ ይቁም ትለኛለህ? ሰፈሩ ምን ይለዋል?

አራዳ፦ ሰፈሩ ምን ይለኛል እያለ ስንቱ ወህኒ ወረደ! ፉከራን አልነካሁም፤ እኔም ሠርግ ላይ እፎክራለሁ።

ፒያሳ፦ ሠርግ ላይማ ማንም ይፎክራል።

የቴኳንዶ አሰልጣኝ፦ ወደ አዳራሹ እንመለስ። የእኔ ልጆች ሲሚንቶ ላይ ነው የሚዘሉት። ያለችውን አንዲት ምንጣፍ ለመንከባለል እንስጥ?

የማራኪ ልጅ፦ አሰልጣኝ፣ ያለ ምንጣፍ መውደቅ የሚማር ልጅ አንገቱን ይጎዳል። ጠዋት ለእኛ፣ ከሰዓት ለእናንተ ይሁን ብዬ በስብሰባውም ለምኛለሁ።

የቴኳንዶ አሰልጣኝ፦ ከሰዓት ልጆቹ ቤተሰብ ያግዛሉ። ጠዋቱ የእኛ ነው።